ስለ ብርቄ ዓይንና ስለ ጥሟ

አስካለዬ፣ አፈሩ ይቅለልሽና፣ ወባ አንቺን ከነጠቀችኝ ወዲህ ሁለተኛው ክረምት ሊገባ ነው። ቤታችን እንደ ተውሽው አይደለም። መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ጋርጄዋለሁ፤ የስፌት መኪናዬንም በረንዳ ላይ አውጥቼ እዚያው እሠራለሁ። ጎረቤቶቻችን ልጅቱን በቁሟ አለቀሰባት እያሉ ያሙኛል። ይሙኝ! ልጃችንን ብርቄን ብርሃን እንደ እሾህ ይወጋታል።

የበኩራችን የተሰማም ነገር በዓይኑ አልነበር የጀመረው? ቀን ቀን ቀሚስሽ ውስጥ ፊቱን ይቀብራል፤ ሲመሽ ከእንስራው ሥር አይጠፋም። ሲጠጣ፣ ሲሸና፣ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ሞተብን። ብርቄም አሁን ልክ እንደዚያው ሆነች።

በባቡር ወደ ድሬዳዋ የሚያልፍ አንድ ፈረንጅ ሐኪም የተቀደደ ኮቱን ሊያሰፋ መጥቶ አያት። የተሰማንም ነገር አጫወትኩት። በአስተርጓሚው እንደ ነገረኝ፣ የዓይኗም የጥሟም መነሻ ኩላሊቷ ነው፤ ካንቺም ከኔም ደም የወረደ ሕመም ነው። መድኃኒቱን አላውቅም አለ፤ ብቻ ውሃ እንዳልከለክላት አጥብቆ አዘዘኝ።

ታላቅ እኅትሽ እትዬ ዘነበች ግን ይህን አልሰማም አሉ። ከሞጆ በቅሎ ይዘው መጥተው፣ አዋሽ ዳር ካለው ፍል ውሃ ሱባኤ ላስገባት ይላሉ፤ በቀትር ፀሐይ እየተጠመቀች፣ እስኪመሽ ጠብታ ሳትቀምስ። ተሰማ በዚያው ሱባኤ ያልዳነው አንቺ በቅል ደብቀሽ ስላጠጣሽው ነው ብለው በሰው ፊት ሲናገሩ ደሜ ፈላ። አንቺ መልስ በማትሰጪበት! ግን እያለቀሱ ነው የሚናገሩት፤ ልጅቱን ይወዷታል። የከበደኝም ይኸው ነው። ሐኪሙ መንገደኛ ነው፤ ቢሳሳትስ? እያልኩ መርፌ መያዝ እንኳ አቃተኝ።

ዛሬ ጠዋት በቅሎዋ ተጭና ደጃፍ ቆመች። እትዬ ብርቄን በነጠላቸው ጠቅልለው ሊያወጧት ሲሉ፣ ልጅቱ ዓይኗን እንደ ጨፈነች በእጇ ስትዳብስ እንስራውን አገኘችና ሙጭጭ አለችበት። ከዚያ ወዲያ አልቻልኩም። ከእጃቸው ተቀብዬ፣ ሊሸኛት ደጃፍ የተሰበሰበው ጎረቤት ሁሉ እያየ አጠጣኋት። እትዬም ከእንግዲህ ደሟ በእጅህ ነው ብለውኝ ሄዱ።

ፈርቻለሁ፣ አስካለ። ትድናለች ብዬ አልዋሽሽም። ያኔ ሁሉም ሲቆጣሽ ቅሉን ከነጠላሽ ሥር ይዘሽ ወደ ልጅሽ ስትሄጂ ያየሁትን ግን እስክሞት አልረሳውም። ብርቄም ምናልባት ከኔ ቀድማ አንቺ ዘንድ ትመጣ ይሆናል። ብትመጣም ተጠምታ አትመጣም።