ጋሼ ማጥፊያና ከድልድዩ ማዶ ያደረሱት መብራት

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ ማጥፊያ» እያለ የሚጠራቸው ወንድማችን፣ ከዳቦ ጋጋሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ባለችው ባለ አንድ መስኮት ቤት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው፣ በ1966 ዓ.ም. ከሙያ ትምህርት ቤት በኤሌክትሪክ ሥራ ተመረቁ። ወዲያው በመብራት መሥሪያ ቤት ቆጣሪ አንባቢ ሆነው ተቀጠሩ። ያን ጊዜ ቆጣሪ አንባቢ ሲመጣ ውሻ ይፈታ ነበር፤ እርሳቸው ግን የየግቢውን ውሻ በስሙ እየጠሩ ይገቡ ነበር።

በ1973 ዓ.ም. ከድልድዩ ማዶ ያደጉትን መምህርት አገቡ። ማዶ ገና መብራት አልገባም። በሠርጉ ማግስት አማታቸው፣ «ልጄን ለመብራት ሰው ድሬ እኔ በጨለማ ልሙት?» ቢሏቸው፣ «እማማ፣ ሳያዩት አይሞቱም» ብለው ቃል ገቡ። ይህ ቃል ለዓመታት እንቅልፍ ነሳቸው። የመሥሪያ ቤቱ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ማታ ሰው ሁሉ እኩል ሲያበራ ትራንስፎርመሩ ይጨናነቃል፣ ለማዶ የሚተርፍ የለም።

በ2001 ዓ.ም. የኃይል ቁጠባ ክፍል ሲከፈት፣ የተመደበ ሁሉ እንደ ቅጣት ቆጠረው፤ ጋሼ ግን ለምነው ገቡ። እዚህ የማታው ፍጆታ ከቀነሰ ለማዶ ይተርፋል፣ የነዋሪውም ወጪ ይቀላል ብለው አመኑ። በየቤቱ «ትርፉን አጥፉ» እያሉ ቆጣቢ አምፖል ያስገባሉ፤ ቅጽል ስማቸውም ከዚህ መጣ። የፍሪጅ በር በወረቀት ላይ ዘግተው፣ ወረቀቱ ሲሳብ ከወጣ «ጎማው አልቋል» ይላሉ። ወፍጮ ቤቱን በቀን እንዲፈጭ ይለምናሉ። ባለ ወፍጮው፣ «ጋሼ፣ መብራት እየሸጡ አትጠቀሙ ይላሉ፤ ሥጋ ሻጭ ጹሙ ሲል ሰምተው ያውቃሉ?» ቢላቸው፣ «አንድ በሬ ለሁለት ሰፈር ከሆነ ይላል» አሉት።

ትልቁ ፈተና የመጣው ግን ከገዛ ሳሎናቸው ነው። የማዶውን መስመር የሚወስኑት አለቃ ለቁጠባ አርአያ የተመረጠውን የጋሼን ቤት ሊያዩ በመጡ ዕለት፣ ባለቤታቸው እንግዳ ለማክበር ሲሉ ቆጣቢዎቹን አውርደው፣ ሸሽገው ያቆዩአቸውን የድሮ አምፖሎች ሰቅለው ነበር። አለቃው ሽቅብ አምፖሎቹን አዩ። ጋሼ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። ባለቤታቸው፣ «እንግዳ በጭላንጭል ይቀበሉታል እንዴ?» አሉ። ውሳኔው ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

ጋሼ አልተቆጡም። ሰው ቁጠባን ከድህነት እንደሚቆጥረው ያን ዕለት ገባቸው። ከዚያ ወዲህ የሚዞሩት ከባለቤታቸው ጋር ሆነ። ሁለቱን አምፖሎች ጎን ለጎን ያበራሉ፤ መምህርቷ በሁለቱም ብርሃን የተማሪ ደብተር ያርማሉ፤ ፍርዱን ለቤቱ እመቤት ይተዋሉ። ጎረቤት ከጎረቤት እያየ ለወጠ። ማታ ማታ የሚቋረጠው መብራት መቋረጡን ተወ። በ2004 ዓ.ም. መስመሩ ድልድዩን ተሻገረ።

አማታቸው አምፖሏን አንጋጠው ብዙ ቆዩና፣ «በቃ አየሁት፤ አጥፋውና ለቀጣዩ ሰፈር ይትረፍ» አሉ። ጋሼ በሕይወታቸው አንዴ ብቻ፣ «ይብራ፣ እማማ» ብለው ተሟገቱ።

በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም፣ መብራት ከገባ በኋላ ማዶ በተከፈተው ጤና ጣቢያ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ የካቲት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. አረፉ። የሚወዷቸውን ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና መራመድ ሳይለምዱ ማብሪያ ማጥፊያ የለመዱ የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል።

አምላክ ነፍሳቸውን፣ ለአንዱ ሲበራ ለሌላው የማይጎድል ብርሃን ባለበት ያሳርፍልን።