የውሻዬ ስም

እሑድ፣ ኅዳር 4 ቀን 1964 ዓ.ም.

ዛሬ የሰፈራችን የውሻ ማኅበር ለጎረቤቴ ለወልዴ ውሻ ቀይ የአንገት ማሰሪያ ሸለመ። የወፍጮ ቤቱን ሌባ ይዟል ተብሎ ነው። ያ እንቅልፋም! የኔው ሦስት ዓመት ሙሉ ኮልፌን ሲጠብቅ ማን አመሰገነው?

ጭብጨባው ሳያልቅ የኔው አምልጦኝ ሄዶ ወልዴ እግር ሥር ተኛ።

“ይጥሩት እንጂ!” አሉኝ ሊቀመንበሩ።

እንዴት አድርጌ? “ምቀኛ ይፈር” ብዬ ስም ያወጣሁለት ወልዴ በአጥር እንዲሰማው ነበር። ቅናቴ ፊቴ ላይ እየተነበበ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል “ምቀኛ ይፈር!” ብዬ ልጩህ?

ሳልጠራው ብቻዬን ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ውሻው እስካሁን አልመጣም። ወልዴ አጥር ማዶ ሥጋ ሲያበላው ይሰማኛል፤ ስሙን ጮክ ብሎ እየጠራ።