ወንድም ጋሻ የተባለው ቡችላ

አካሌ ዳኘው፣ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ከተለየኸኝ መንፈቅ አለፈ፤ ተዝካርህንም እንደ አቅሜ አውጥቻለሁ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይላል ሰው፤ እኔን ግን አድርጎኛል። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተው ነህና በዚያው ፊደል ልወቅስህ ተቀምጫለሁ።

ቤቱ እንዳለ ነው። ዘንድሮ እዚህ መርሳ ዝናቡ ዘግይቶ ማሽላው አጭር ቀረ፤ ዝንጀሮው ግን አጠረ ብሎ አልማረንም። ውሻችን መቻል አርጅታለች፤ ቢሆንም ከማሳው አልተለየችም። ያ ባላጋራህ በተፈረደለት መሬት ላይ ብርቱካን ተክሎ በየጠዋቱ ውኃ ሲያጠጣ ያሳየኛል። ያሳየኝ፤ እኔ የምነግርህ ሌላ ነው።

አንተ ለውሻ ስም ስታወጣ ለሰው መልእክት ትልክ ነበር። አገሩም እንደዚያው ነው፤ ፊት ለፊት የማይባለው ነገር በውሻ ስም ይባላል። ልጅ ባለመውለዴ ባሙኝ ጊዜ አይደል ያቺን ውሻ መቻል ያልካት? በሐሜተኞቹ ደጅ እያለፍክ «መቻል! ነይ!» ስትል ሆዴን ይዤ ስቄአለሁ። ለውሾቹ ደግሞ አንጀትህ አይችልም ነበር። ቡችላ አይሸጥም ትላለህ፤ የሚወስድ ሰው ለእናቲቱ ዳቦ ይዞ ይመጣል። ከሰጠህም በኋላ ሐራ ይሁን ሲሪንቃ ድረስ ሄደህ የጎድን አጥንቱን በጣትህ ትዳስሳለህ። አንዱ አስርቦት ብታገኝ በጋቢህ አቅፈኸው ስትመጣ፣ መንገድ ለመንገድ ስታለቅስ፣ ሰው አይቶሃል።

ታዲያ ታናሽ ወንድምህ ካሳ በአውራጃው ፍርድ ቤት ቆሞ፣ በጃንሆይ ስም ምሎ፣ ለባላጋራህ መሰከረና የአባታችሁ መሬት ሄደ። ያን ጊዜ አንድ ቃል አልተነፈስክም። መቻል ስትወልድ ግን ደረተ ነጩን ቡችላ «ወንድም ጋሻ» አልከው። ስሙ ምስጋና ነው ብትል ማን ይከራከርሃል? ጠዋት ማታ «ወንድም ጋሻ! ና!» ስትል ግን መርሳ ሁሉ ገባው።

እዚያ ላይ ቢቀር ደግ ነበር። አልጋ ላይ ወድቀህ የነፍስ አባትህ ታረቅ ቢሉህ ካሳን ከወልድያ አስጠራህ። ይቅር ተባባላችሁ። እሱም አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ የእርቁ ምልክት ይሁን ብለህ ቡችላውን አሳቀፍከው። ስሙ ማነው ቢልህ ነገርከው። አባ እንኳን መሬት መሬቱን አዩ። የሚሞት ሰው የሰጠውን፣ ያውም በቄስ ፊት፣ ካሳ እንዴት ይመልስ? ከንፈርህ ላይ የነበረችውን ፈገግታ ያየሁ እኔ ብቻ ነኝ። ምነው ዳኘው! ምነው! ለወንድምህ የወረወርከው በማን ላይ እንደሚያርፍ አጥተኸው ነው?

ካሳ ወስዶ በቆዳ መጋዘኑ ግቢ በሽቦ አሰረው። ስሙንም ደፋር ብሎ ለወጠው። ቡችላው በየት በኩል ደፋርን ያውቃል? ሲጠሩት ዝም ይላል፣ ዝም ሲል ዱላ ነው። አይበላም ብለው ቢነግሩኝ አንተ ትሄደው የነበረውን መንገድ እኔ ሄድኩ፤ ዳቦ ቋጥሬ በጭነት መኪና ወልድያ ገባሁ። ጨው ከተነሰነሰበት የቆዳ ክምር ሥር ተወሽቆ አገኘሁት። የጎድን አጥንቱ መዳሰስ አላስፈለገውም፤ በዓይን ይታያል። ጎንበስ ብዬ በስሙ ጠራሁት። በደረቱ እየተሳበ፣ ከደስታው ብዛት ሽንቱን እየለቀቀ መጣና ከእጄ በላ። ካሳን ልውሰደው ብዬ ለመንኩት፤ እትዬ፣ የሟች ስጦታ መለሰ ልባል ነው ወይ አለኝ። እንግዲያው አትምታው፣ ጥቂት ቀን በእጅህ አጉርሰው፣ ያልከውን ስም ይለምድልሃል አልኩት። እሺ አለኝና ተመለስኩ።

ወሬውን ያመጣችልኝ የገዛ ሚስቱ ጥሩነሽ ናት፤ መርሳ ገበያ መጥታ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብላ ነገረችኝ። ሰፈርተኛው የቡችላውን የፊት ስም ሰምቶት ኖሮ ካሳ ባለፈ ቁጥር ከጠላ ቤት «ወንድም ጋሻ!» እያለ ይጣራና ይስቅ ጀመር። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስም ሳቁበት። አልተቆጣም አለችኝ። ገብቶ ሽቦውን ፈታ፣ ደጁ ላይ ቆመ፣ ድምፁን አለስልሶ ልክ እንደ አንተ አጠራር ጠራው። እዚያ ቤት ከገባ ወዲህ ካሳ በስሙ ሲጠራው ያ የመጀመሪያው ነው። ቡችላው ጭራውን እየቆላ ሮጠ። በአንድ ምት ቢገድለው እንኳ ባልከፋ! ሰዎቹ ጠላቸውን እንደያዙ ቆመው አዩ። ሲጨርስ፣ ወንድሜ የሰጠኝ ጋሻ ይኸውላችሁ ብሎ በእግሩ ወደ ቦዩ ገፋው።

መቻል በእርጅናዋም ደግማ ወልዳለች። ጥቁሩን ጥቁሬ፣ ቀዩን ቀዮ ብያቸዋለሁ። የዳኘው ሚስት ነገር አለቀባት ብለው ይስቁብኛል። ይሳቁ። ለቅሶ ሊደርስ የሚመጣው ሁሉ ለውሻ የነበረህን ርኅራኄ ያወራልኛል፤ እኔም እውነት ነው እላለሁ፤ እውነት ነውና። የካሳን ጭካኔ ለእግዜር ሰጥቻለሁ። ያንተን ግን ለማን ልስጠው? ለማንም አልተናገርኩም፣ ይኸው ለራስህ ነገርኩህ።

አልረሳህም አካሌ። ሙት ዓመትህን አወጣለሁ፤ ካሳም ወንድም ነውና ይመጣል፣ በእጄ አበላዋለሁ። ነፍስህን ይማር እላለሁ፣ ከልቤ። ግን ዓይኔን ጨፍኜ ስምህን ስጠራ ቀድሞህ የሚመጣው ቡችላው ነው፤ እየሮጠ፣ እሱን የጠራሁት መስሎት።