ከሉሉ ቀዳዳ የወጣ አፈር

ሰኞ፣ ጥር 8/70

ጠረጴዛ ላይ ተደግፌ ስሥል ዋልኩ። ክርኔ አመመኝ። ጌታው ደብተር፣ ሰሞኑን ስላልጻፍኩብህ አትቆጣ፤ ሥራ ሲጠፋ ወሬም ይጠፋል።

ዛሬ ግን ሥራ መጣ። ያመጣው የቀበሌው ሊቀመንበር ራሱ። ከዚህ ወዲያ ሊ.መ. እለዋለሁ፤ ስሙን ለመጻፍ እጄ እሺ አይልም። ጠባቂውን በር ላይ አቁሞ ገባ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈ። ሉል። የባሕር ሉል፣ ክሩ የወጣለት፣ እፍኝ የማይሞላ። ለሚስቱ የደረት ጌጥ ይሁንልኝ አለ። የድሮ ድሪ ዓይነት ሳይሆን ዘመናዊ፤ አዋሳ ላይ አንዲት የእንግዳ ሚስት አድርጋ አይቶ ቀንቷል። ለቅዳሜ ይድረስ።

ወርቅ የለኝም አልኩት። ወርቅ ቤት የሚለው ስም ብቻ ነው የቀረኝ። በብር አድርገው አለ። አንዲት ማርትሬዛ፣ የድሮ የብር ገንዘብ፣ ቀርታኛለች፤ እሷን አቀልጣለሁ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ ብሎኛል። የምጽዋ መንገድ ከከፋ ወዲህ ሉል የሚያመጣ የለም። ሙያ ያስተማረኝ ሰው ክብ ክቡን ይመርጥና ጎባጣውን ይጥል ነበር። እኔ ደግሞ ጎባጣውን ነው የምወደው፤ አንዱ አንዱን አይመስልም። ቀጭን የብር ቅርንጫፍ፣ ላዩ ላይ ጎባጣ ሉል እዚህም እዚያም፣ ልክ ቡና ሲያብብ። አምስት ጊዜ ሣልኩ፣ አራቱን ቀደድኩ።

ማክሰኞ፣ ጥር 9

ሉል እሳት አይወድም፣ ሎሚም ይበላዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ብሩ ይበየዳል፣ በሎሚ ይጸዳል፤ ሉሉ መጨረሻ ላይ በማጣበቂያ ይተከላል። ብሩ እስኪደርስ ሉሎቹን ለብ ባለ ውሃ ማጠብ ጀመርኩ። ቀዳዳቸው ተደፍኗል። በመርፌ ጎረጎርኩት። ቀይ አፈር ወጣ። ከሌላውም ቀይ አፈር። ከሁሉም።

ሰው አንገት ላይ የኖረ ሉል እድፍና ቅባት ይይዛል እንጂ አፈር አይይዝም።

ከዚያ አንዱን ሳገላብጠው ሁለት ቀዳዳ አለው። አንደኛው ጠማማ። የእኔ ሥራ ነው፤ መብሻው አምልጦኝ ነበርና ድጋሚ በሳሁት፣ ማንም አያየውም ብዬ ወደ ማጅራት በኩል ደበቅኩት።

የሙኒራ ሉል ነው። የጎረቤታችን የእትዬ ዘሀራ ልጅ። ስትታጭ እኔ ነኝ የሠራሁላት። ለመቆለፊያ የሚሆን ብር ስላልነበረኝ በዓባያ ዓሣ አጥማጆች ናይሎን ሰክቼ አንገቷ ላይ ቋጠርኩት፣ ቋጠሮውን በጋለ መርፌ አቀለጥኩት። አንገት ላይ ልክክ የሚል ነው፣ በጭንቅላት አይወጣም። ካልተቆረጠ አይወልቅም። ኅዳር ላይ የቀበሌው ጠባቂዎች ወረቀት በትነሻል ብለው ወሰዷት። እናቷ ይኸው እስከ ዛሬ በየቀኑ ምሳ ያመላልሳሉ።

ቆይ፣ አትቸኩል። ሰው ሁሉ ጌጡን እንሰት ሥር እየቀበረ አይደል? እሷም ፈርታ ቆርጣ ቀብራው ይሆናል፤ በፍተሻ ተገኝቶ ይሆናል። ሲወስዷት አንገቷ ላይ ካልነበረ ተስፋ አለ። ከነበረ የለም፤ አፈሩ የመቃብሯ ነው። እናቷን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ብቻ ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 10

አልጠየቅኩም።

እትዬ ዘሀራ ባዶ ሳህናቸውን ይዘው ከቀበሌው እስር ቤት ሲመለሱ ገቡ። ፊታቸው በርቷል፣ ከኅዳር ወዲህ እንዲህ አይቻቸው አላውቅም። ሊ.መ. አስጠርቶ አነጋግሯቸዋል። የሚፈለገው የሙኒራ ታናሽ ወንድም ጀማል እጁን ከሰጠ እሷን በዚያው ቀን እለቃታለሁ ብሏል። ጀማል ወርቃ የሚባል ገጠር፣ አንድ ቡና ገበሬ ቤት ተደብቋል፤ ይህን እሳቸው፣ የጭነት መኪና ሾፌር የሆነው የእህታቸው ልጅና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው። ዓርብ ማለዳ በጭነት መኪናው ሄደው ሊያመጡት ነው። እሱ ትንሽ ተጠይቆ ይወጣል ብለው አምነዋል።

ኢንሻአላህ አልኩ። እንዲህ ያለ ፈሪ መሆኔን አላውቅም ነበር።

ለፋጡማ ነገርኳት። ዝም አይነቅዝም አለችኝ፤ ሚስቴ ናት፣ ልጆቹን አስባ ነው። ጀማልስ አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች።

ሐሙስ፣ ጥር 11፣ ጠዋት

እትዬ ዘሀራን ጠየቅኳቸው። ሲወስዷት ሉሉ አንገቷ ላይ ነበር ወይ?

“እኔማ ቁረጪው ብያት ነበር። ኑሩ የቋጠረውን ማን ይፈታዋል ብላ ሳቀችብኝ። በነጠላዋ ሸፍናው ወጣች ልጄ።”

ለምን እንደጠየቅኩ ገረማቸው። ስትፈታ መቆለፊያ ላበጅለት ብዬ ነው አልኩ። መረቁኝ።

ያው ቀን፣ 9 ሰዓት

ሊ.መ. ሥራውን ሊያይ መጣ። ቅርንጫፉን ወደደው። ሉሉ ለምን ጎባጣ ሆነ አለ፤ ዘመናዊው እንዲህ ነው አልኩት። ሐሰተኛ አለመሆኑ በምን ይታወቃል አለ። ጥርስ ላይ ሲያሹት እውነተኛው ይሻክራል አልኩ። አንዱን አንስቶ ጥርሱ ላይ አሸው። ሻከረው፤ ሳቀ። ከአድኃሪ ቤት የተወረሰ ነው አለኝ ሳልጠይቀው። ጥሩ ዕቃ ነው አልኩ። ድምፄ ጤነኛ ነበር፤ የሚያስጠላኝ ይኼ ነው።

ከወጣ በኋላ ሉሉን አምስት ጊዜ አጠብኩት።

ዓርብ፣ ጥር 12፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ነገርኳቸው።

እትዬ ዘሀራ የሚሄዱበት መኪና ሊነሣ ሲል ደረስኩ። ከጆንያው ጀርባ ወስጄ ባለሁለት ቀዳዳውን ሉል አሳየኋቸው፤ ማን እንዳመጣው፣ ቀዳዳው ውስጥ ምን እንደነበረም ነገርኳቸው። ባያምኑኝ ምን አደርጋለሁ እያልኩ ነበር የሄድኩት። አመኑ። አላለቀሱም። ሉሉን በጣታቸው እያሻሹ ቆሙ፣ ሾፌሩ ጡሩንባ ነፋ፣ አልሰሙም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት። በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠርገው፣ ሰው ያይሃል አሉኝ።

ከዚያ ሾፌሩን ጠርተው አንሾካሾኩ። ብቻውን ይሄዳል። ጀማልን ከወርቃ አንሥቶ ወደዚህ ሳይሆን ወደ ሞያሌ። ለሊ.መ. ደግሞ ልጁ ቦታ ቀይሯል፣ እያፈላለግኩት ነው፣ ጥቂት ቀን ታገሠኝ ይሉታል። ድንበር እስኪሻገር።

ለእኔም ትእዛዝ ሰጡኝ። ጌጡን ጨርስ፣ አሳምረህ ሥራው፣ እንዳይጠራጠር። ሉሉን መልሰው እጄ ላይ አደረጉት።

ወደ ቤታቸው ዞሩ። ወዴት ነው ስላቸው፣ ምሳ ልሠራ ነው አሉኝ። ምሳው አንድ ቀን ከቀረ ማወቄን ያውቃሉ፣ አሉ።

6 ሰዓት ተኩል

አሁን በደጄ አለፉ። ሳህኑ በንጹሕ ጨርቅ ተቋጥሯል። የቀበሌው ጠባቂዎች እንዲሰሙ ጮክ ብለው ሰላም አሉኝ፣ እኔም ጮክ ብዬ መለስኩ። ለቅሶ የለ፣ ድንኳን የለ። ሙኒራ ሞታ ዛሬም ምሳ ይሄድላታል፣ ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ ጀማል ተሻገረ የሚል ወሬ እስኪመጣ።

ብሩ ጸድቷል። ማጣበቂያው ለስልሷል። ሉሎቹን አንድ በአንድ እተክላለሁ። አሳምሬ እሠራዋለሁ።