ማሽኖቹን ቀዝቀዝ ስላደረገችው እህቴ

ለክቡር የይፋት ስሌት ማዕከል ዋና ሥራ አስኪያጅ
ሸዋ ሮቢት

አሰላሙ ዐለይኩም። በላብ ተዘፍቄ የምጽፈው ይህ ደብዳቤ እርስዎን በማቀዝቀዣ በሚጠበቀው ቢሮዎ በፍጹም ጤንነት እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። ሳልህ እባላለሁ፤ በጀውሃ መምህር ስሆን፣ ከሥራ ያሰናበቷት መሐንዲስ የኑርሃን ታላቅ ወንድም ነኝ።

አንደኛ፣ ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ። አንድን ትልቅ ስሌት ተከፋፍለው ከሚሠሩት በሺህ የሚቆጠሩ የኮምፒውተር ማሽኖችዎ መካከል ድርሻቸውን ቀድመው የጨረሱት፣ የዘገዩትን ሲጠብቁ እንኳ በሙሉ ጉልበታቸው ኤሌክትሪክ ይፈጃሉ። እህቴ ይህን፣ ምሳ ሊበላ ወርዶ የከባድ መኪናውን ሞተር እያስጓራ ከሚተው ሾፌር ጋር እያመሳሰለች ስታስረዳዎ ሳይቆጡ አድምጠዋታል። የሚጠብቁትን ፍጥነታቸውን ቀንሶ ቀዝቀዝ ማድረግ እንደሚቻል፣ ሥራውም እምብዛም እንደማይዘገይ ስትነግርዎ ደግሞ «የእኛ ስም ፍጥነታችን ነው» ብለው በአጭሩ አስተምረዋታል።

ሁለተኛ፣ ቀትር ላይ ሙቀቱ በርትቶ የማቀዝቀዣዎችዎ ፍጆታ ሲጨምርና የኤሌክትሪክ መስመሩ አልችል ሲል፣ የሚቆረጠው ሁልጊዜ የከተማው መብራት እንጂ የእርስዎ ስላልሆነ እንኳን ደስ አለዎ።

ባለቤቴ ዙልፋ ያለ ጊዜዋ የወለደቻት ልጃችን በከተማው ሆስፒታል በኦክስጅን ማሽን ትተነፍስ በነበረበት ቀትርም መብራቱ ሄደ። ጄኔሬተሩ ጥቂት ሠርቶ ቆመ። ነርሷ ሊያ በእጇ አየር እየገፋች ታስተነፍሳት ጀመር፤ የሕፃኗ ከንፈር ግን እየጠቆረ ሄደ። ለኑርሃን ደወልኩ። «ልጄ እየሞተችብኝ ነው» አልኳት።

እህቴ ወደ ቢሮዎ ሮጣ «አንድም ማሽን አላጠፋም፤ የሚጠብቁትን ብቻ ላቀዝቅዝ» ብላ እንደለመነችዎ፣ እርስዎም በዚያ ዕለት ማሽኖችዎን ከሌሎች ማዕከላት ጋር ያፎካክሩ ስለነበር «የፍጥነት ውድድሩ ሳያልቅ እጅሽን እንዳታሳርፊባቸው» እንዳሏት ያስታውሳሉ። እሷ ግን ወደ ማሽኖቹ ክፍል ገብታ አደረገችው። ፍጆታው ሲወርድ የከተማው መስመር ተለቀቀ፤ ልጄም ተነፈሰች። ስሌትዎም በዚያው ከሰዓት አለቀ።

ሦስተኛ፣ ለፈጣን ውሳኔዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ በማግሥቱ «በከባድ የዲሲፕሊን ጥፋት» አሰናበቷት። ከዚያ ወዲህ ማሽኖቹ በእሷው ዘዴ እየሠሩ መሆኑን፣ ማዕከሉም በኃይል ቁጠባ መሸለሙን በቴሌቪዥን አይተን አድንቀናል። ኑርሃንም አብራን አየች። «ሳትደውልልኝ በፊት ላደርገው ይገባኝ ነበር» ብላ ወደ ውጭ ወጣች።

ሐኪሙ፣ አየር ያጠራት ጊዜ በአእምሮዋ ላይ ጉዳት ማድረስ አለማድረሱ የሚታወቀው ልጅቱ ስታድግ ነው ብሎናል። ዙልፋ ስሟን ደጋግማ እየጠራች ዓይኗን ትከታተላለች፤ እኔም ከጎኗ ተቀምጬ ልጅቱ እስክትዞር እፈራለሁ። ይህ የእርስዎን ውድ ጊዜ የሚሻ ጉዳይ እንዳልሆነ እናውቃለን።

ለማይናወጠው ክብርዎና ለማያልበው ግንባርዎ ካለኝ ጥልቅ አክብሮት ጋር፣
ሳልህ፣ የአንዲት ሕፃን አባት

ማስታወሻ፦ በሽልማቱ ዕለት ጋዜጠኛዋ ዘዴው እንዴት እንደሚሠራ ብትጠይቅዎ «ቴክኒካዊ ነው» ብለው አለፏት። ደግማ ከጠየቀችዎ አይጨነቁ፤ ኑርሃን ቤት ናት፣ በትርፍ ጊዜዋ ታስጠናዎታለች። አሁን ትርፍ ጊዜ ሞልቷታል።