በማይሰማው ጆሮዬ ስሜን ለጠየቁኝ መምህር

ለተከበሩ መምህር ይድነቃቸው
በኢምባካሲው መጋዘን የዓርብ የፈውስ መርሐ ግብር መሥራች፣ ሰብሳቢና ብቸኛ ኃላፊ
ናይሮቢ

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቀኝ ክንድዎስ? በዚያ ዓርብ ያለ ዕረፍት ሲያገለግል ያየሁት ክንድ ዝለት ሳይጎበኘው እንዳልቀረ ስለምሰጋ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለትከሻዎ፣ ለክርንዎና ለእጅ አንጓዎ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ ካሣሁን እባላለሁ፤ በአውሮፕላን ማረፊያው የጭነት ክፍል ተቆጣጣሪ ነኝ። በስም ባያስታውሱኝ አልቀየምም፤ አራት ጎረምሶች ጨምድደው ይዘውኝ ከቀኝ ጆሮዬ ጀርባ፣ ስፌቱ ላይ፣ በእንጨት መስቀል የቀጠቀጡኝ ሰው ነኝ።

ይህ ለሕዝብ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ ለሌላው አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። በመስሚያና በሚዛን ነርቬ ላይ ሎሚ የሚያህል ዕጢ በቅሎብኝ ነበር። ካንሰር እንዳልሆነ ሐኪሞቹ ደጋግመው ነግረውኛል፤ ይሁንና ቦታ ጠቦት አንጎሌን ይገፋ ስለነበር ራስ ቅሌን ከጆሮዬ ጀርባ ሰርስረው፣ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ከነርቩ ላይ እየፋቁ አወጡት። ስነቃ ቀኝ ጆሮዬ ሞቷል፣ ግማሽ ፊቴ ወድቋል፣ ቀኝ ዓይኔ አይከደንም፣ ግድግዳ ሳልይዝም አልራመድም። ይህ ሁሉ ሊመጣ እንደሚችል ቀድሞ ተነግሮኝ የፈረምኩበት፣ ፊቴም በወራት ውስጥ ቀስ እያለ እንደሚመለስ የተነገረኝ ነገር ነው። ሰፈሩ ግን ፊቴን ባየ ጊዜ ጋኔን በጥፊ መትቶታል አለ፤ ባለቤቴ ሠርክም ፈርታ፣ ከተሰፋሁ በሃያ ሁለተኛው ቀን ወደ እርስዎ ዘንድ ይዛኝ መጣች። በእርሷ አልፈርድም፤ የፈራ ሰው የማያንኳኳው በር የለም።

አቤቱታዬን በትሕትና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. ጸሎት ሲጀመር ሁሉም ዓይኑን ሲጨፍን የእኔ አንዱ ዓይን ፈጦ በመቅረቱ፣ ጋኔኑ እንዳፈጠጠብዎ ለጉባኤው ማብሰርዎ። የመጀመሪያው ጥፊ ያረፈው ያን ጊዜ ነው፤ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ።

፪. በቀኜ ቆመው፣ በሞተው ጆሮዬ በኩል፣ ስምህ ማን ነው፣ ከየት ያዝከው እያሉ መጠየቅዎ። አልሰማሁም። ያልሰማ ሰው አይመልስምና፣ ዝምታዬን ግትር ዲዳ መንፈስ ብለው በመቁጠሪያ ገረፉኝ፤ ከንፈሬ ተሰንጥቆ ደም ሸሚዜ ላይ ሲወርድ አይቻለሁ። በመጨረሻ ከግራዬ የቆመው ጎረምሳ ጥያቄውን ሲደግመው ሰምቼ ካሣሁን ነኝ ብዬ ብጮህ፣ ጋኔን ውሸታም ነው ብለው ከበፊቱ አብልጠው መቱኝ። መታወቂያዬ በኪሴ ነበር። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚባለውን ተረት በራሴ ጭንቅላት ላይ ስላስተማሩኝ ውለታዎ አለብኝ።

፫. ሚዛኔ ጠፍቶ በወደቅኩ ጊዜ ጣለው እያሉ ማስጨብጨብዎ። ሠርክ ተዉት፣ ስፌት አለበት እያለች ስትጮህ አንዱ ጎረምሳዎ አፏን አፍኖ ከግድግዳው ጋር አላተማት። የእኔን ሁሉ ይቅር ብዬ ይሆናል፤ ይህንን ግን ይቅር አላልኩም፣ አልልምም። እውነቱን ልናገርና፣ ያንን መስቀል ከእጅዎ ነጥቄ ጥርስዎን አንድ በአንድ ለማርገፍ የተመኘሁባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። ያገደኝ ምግባሬ ሳይሆን ሚዛኔ ነው፤ ቀጥ ብዬ ወደ እርስዎ ለመራመድ አምስት ወር ፈጅቶብኛል።

፬. ከአፍንጫዬ ንጹሕ ውኃ ሲንጠባጠብ ጋኔኑ በውኃ አምሳል እየወጣ ነው ብለው እልልታ ማስመታትዎ። ያ ውኃ፣ መምህር፣ አንጎሌን የሚያቅፈው ውኃ ነበር። ስፌቱን ከውስጥ ስለተረተሩት ነው የወጣው። በሦስተኛው ቀን ማጅራት ገትር ያዘኝ፤ አንገቴ እንደ እንጨት ደርቆ፣ ሰው መለየት አቅቶኝ፣ ሠርክን ነርስ መስላኝ ውኃ ስለምናት ነበር አሉ። ራስ ቅሌ ለሁለተኛ ጊዜ ተከፈተ።

የጸሎትና የጠበል ጠላት እንዳልመስልዎ። የንስሐ አባቴ ጠበሉን ጠጣ፣ መድኃኒትህንም ዋጥ ብለው ባርከው ነው ወደ ሐኪም የላኩኝ፤ እርስዎ ከየትኛው ደብር እንደሆኑ ብጠይቃቸው ደግሞ እስካሁን እያሰቡ ነው።

ይህን ሁሉ ውጬ ዝም ባልኩ ነበር፤ እስካሁን ዝም ብዬ ከርሜ ዛሬ የጻፍኩበት ምክንያት ግን አቢግያ ናት። የሥራ ባልደረባዬ የዘርይሁን ልጅ ስትሆን ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ ነው፤ በግራ ጆሮዋ በኩል የእኔው ዓይነት ዕጢ አለባት፣ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮዋም የፊታችን ማክሰኞ ነው። እርስዎ ግን ያን ዕለት አፍንጫዬ ሲንጠባጠብ የቀረጹትን ቪዲዮ፣ ከስምንት ወር በኋላ ፊቴ ሲመለስ ከተነሣሁት ፎቶ ጋር ቀጥለው፣ ቢላ ያበላሸውን መምህሩ አዳኑት ብለው በየስልኩ በትነዋል። ልጅቱ አይታው፣ እዚሁ ናይሮቢ እንዳደጉት ልጆች እንግሊዝኛ እየቀላቀለች፣ አንክል፣ አይ አም ሶ ስኬርድ፣ በጣም ፈርቻለሁ፣ ፊቴ ከሚወድቅ እሳቸው ጋር ልሂድ አለችኝ። ዕጢው ደግሞ እርስዎን አይጠብቅም፤ ያድጋል፣ ይገፋል፣ ከቆየም ይገድላል።

ስለዚህ ቪዲዮውን እንዲያነሡ፣ እጅዎንም ከዚህች ልጅ ራስ ላይ እንዲያነሡ፣ እጅ ነስቼ እለምናለሁ። ልመናው ካልበቃ፣ የሁለቱን ቀዶ ሕክምና የሐኪም ማስረጃ ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ሰኞ ጠዋት እገኛለሁ።

ራስ ቅሉ ሁለቴ ተከፍቶ፣ ሁለቴም አንጎል ብቻ የተገኘበት፣
የክንድዎን ክብደት መቼም የማይረሳው አገልጋይዎ፣
ካሣሁን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ባበቃሁ ማግስት አቢግያ ቀጠሮዋን የምትሰርዝበትን ፎርም ልትፈርም ሆስፒታል ስትሄድ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ልለምናት አብሬያት ሄድኩ። ፎርሙን ጉልበቷ ላይ ይዛ ኮሪደሩ ውስጥ እንደተቀመጠች፣ እርስዎ የሕሙማን ልብስ ለብሰው በተሽከርካሪ አልጋ እየተገፉ በፊታችን አለፉ። የኩላሊቴ ጠጠር ሳይወጣ እንዳልነቃ፣ ሕመም አልችልም፣ ማደንዘዣውን ጨምሩልኝ እያሉ ነርሷን ሲማፀኑ ሁለታችንም ሰማን። አቢግያ ፎርሙን ሳትፈርም መለሰችና ማክሰኞ ስንት ሰዓት ልምጣ ብላ ጠየቀች። መምህር፣ በአገልግሎት ዘመንዎ የፈጸሙት ብቸኛ እውነተኛ ፈውስ ይህ ነውና፣ ከሰመመኑ ሲነቁ ይመስክሩበት።