ለወጣቶቻችን ጥያቄያቸውን ጽፈው ላደሉልን ክቡር ኃላፊ

ይድረስ ለክቡር የወጣቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉሮሮዎ እንደምን ሰነበተ? ጽሕፈት ቤትዎ ባዘጋጀው የወጣቶች ውይይት ቀን፣ ወጣቶችን ማዳመጥ ስላለው ጥቅም አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያለ ዕረፍት ሲናገሩ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ እሰማዎ ስለነበር፣ ድምፅዎ ተዘግቶ እንዳይሆን ሰግቼ ሰንብቻለሁ። እኛ አድማጮችዎ ደህና ነን፤ ወገባችንን ብቻ ትንሽ ይዞናል።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በመሥሪያ ቤት ጸሐፊነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። በዚያ ሁሉ ዘመን የሌላ ሰው ሐሳብ በንጹሕ ወረቀት ስተይብ ኖሬ፣ ማንም ሳያዝዘኝ የምጽፈው ደብዳቤ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የምጽፈውም ስለ እህቴ ልጅ ነው። ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ለቤቴ ስለሚቀርብ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ጽሕፈት ቤትዎ በትምህርት ቤቱ ካቋቋመው የንቁ ዜግነት ክበብ ዐሥራ አራት አባላት አንዷ ናት፤ ይቅርታ፣ ነበረች።

ክበቡን ማቋቋምዎ መልካም ሥራ ነበር፤ ይህን ስል እያላገጥኩ አይደለም። አንዲት ወጣት አሠልጣኝ ስምንት ቅዳሜ ሙሉ እየመጣች ማስረጃን ከወሬ መለየት፣ ሳይሳደቡ መጠየቅና የማይስማሙበትን ሰው እስከ መጨረሻው መስማት አስተማረቻቸው። የእህቴ ልጅ የተማረችውን ሁሉ እኔ ላይ ትለማመደው ጀመር። አንድ ቀን ዜና እየሰማሁ «ሁሉም ሌባ ነው!» ብል፣ «አክስቴ፣ እሱ አስተያየት እንጂ ማስረጃ አይደለም» ብላ በገዛ ሳሎኔ አረመችኝ። ተናደድኩ። ማታ ግን ለጎረቤቴ ስነግራት ኮርቼ ነበር።

ከዚያ አንድ ልጅ በመኪና ተገጨ። በቁመቱ ምክንያት «ምሰሶ» የሚሉት የክፍሏና የክበቡ ልጅ ነው። ጠዋት ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ሲሻገር አሸዋ የጫነ መኪና መትቶት ግራ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ ይኸው እስካሁን በክራንች ነው የሚሄደው። ክበቡም የተማረውን ሥራ ላይ ለማዋል ወሰነና በሩ አጠገብ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ እንዲሠራ ለመጠየቅ ተነሣ። ልጆቹ አምስት ቀን ደብተር ይዘው ተራ በተራ መንገድ ዳር ቆሙ። ተማሪ በሚገባበት ሰዓት ብቻ በቀን በአማካይ አርባ ስድስት የጭነት መኪና እንደሚያልፍ ቆጠሩ። ይህንኑ ጠቅሰው ለጽሕፈት ቤትዎ ሦስት ደብዳቤ ጻፉ፤ የተየብኩት እኔ ነኝ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዎ ሦስቱንም «ገቢ ሆኗል» አለን። ወጪ የሆነ ነገር ግን እስከ ዛሬ አላየንም። በሦስተኛው ጊዜ «ጥያቄያችሁን ለውይይቱ ቀን አቆዩት፣ ኃላፊው ራሳቸው ይመልሱላችኋል» ተባልን፤ አቆየነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ. ልጆቻችን ሐሳብ በማውጣት እንዳይደክሙ ጥያቄዎቹን አስቀድመው አዘጋጅተው፣ በቢጫ ወረቀት አሳትመው፣ በአዳራሹ በር ላይ ስላደሉልን እጅግ አመሰግናለሁ። ለእህቴ ልጅ የደረሳት «ጽሕፈት ቤቱ ለወጣቶች የሚያደርገው ዘርፈ ብዙ ድጋፍ እጅግ የሚያኮራ ነው፤ ይህን ይበልጥ ለማጠናከር ምን ታስቧል?» የሚል ነበር። በሥራ ዘመኔ ብዙ ጽሑፍ አይቻለሁ፤ ራሱን አመስግኖ ራሱን የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ልጅቱ ተራዋ ሲደርስ ተነሥታ ወረቀቱን ቃል በቃል አነበበች። ቀጥላም፣ «ይህ የተሰጠኝ ጥያቄ ነው። አሁን የራሳችንን እጠይቃለሁ» አለች። «አርባ ስድስት መኪና» ብላ ሳትጨርስ ማይክሮፎኑ ተዘጋ። እሷ ግን አልተቀመጠችም፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጥያቄዋን እስከ መጨረሻው ተናገረች።

፪ኛ. ለጥያቄዋ ስለሰጡት አጭር መልስ አመሰግናለሁ። ሦስት ደብዳቤና የአምስት ቀን ቆጠራ ይዛ ፊትዎ ለቆመች ልጅ፣ ፈገግ ብለው «ልጄ፣ ማን ልኮሽ ነው?» አሏት። የፊት ረድፍ ሳቀ። እሷም፣ «ማንም አልላከኝም፤ እናንተ ናችሁ ያስተማራችሁኝ» አለች። ያኔ ሳቁ ቆመ። እርስዎም ሰዓትዎን አይተው ወደ ምሳ ግብዣው ጋበዙን።

፫ኛ. ነገሩ በዚያ እንዳይቀር ስላደረጉ ደግሞ ልዩ ምስጋና ይገባዎታል። በሳምንቱ ወላጅ እንድታመጣ ታዘዘችና እኔ ሄድኩ። ርዕሰ መምህሩ ዓይኔን ማየት አፍሮ ጠረጴዛውን እያየ አንድ ወረቀት ገፋልኝ። «በስሜታዊነትና በሌሎች ግፊት መድረኩን ስላወክሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ» ይላል፤ ከታች የፊርማ ቦታ አለው። «ከበላይ የመጣ ነው እኮ፤ ትፈርምና ይለቅ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እውነቱን ልናዘዝ ክቡርነትዎ፣ ፈርሚና እንሂድ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እኔ በሕይወቴ ስንቱን ፈርሜ ወጥቻለሁ! እሷ ግን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብባ፣ «ጋሼ፣ ግፊት ያደረገብኝ ሰው ማነው? ስሙ እዚህ የለም» ብላ ጠየቀችው። ሳትፈርም ወጣን፤ ሦስት ቀን ከትምህርት ታገደች፤ ከክበቡም ተሰረዘች። ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ አለቀሰች። «አጥፍቻለሁ እንዴ?» ስትለኝ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ቃላት ስደረድር የኖርኩ ሰው አንድ ቃል አጣሁላት። እጇን ይዤ ሄድኩ።

በአራተኛው ቀን ዐሥራ ሦስቱ የክበቡ ልጆች ቤቴ መጡ። ሳሎኔ ስለማይበቃ ግማሾቹ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ምሰሶ ክራንቹን ግድግዳ አስደግፎ ሶፋውን ለብቻው ያዘ። «ኃላፊው ካልሰሙን ሹፌሮቹን ራሳቸውን እናናግር» ያለውም እሱ ነው። በማግሥቱ ሁሉም መኪኖቹ አሸዋ ወደሚያራግፉበት ግቢ ሄዱ፤ እኔም ሰግቼ ተከተልኳቸው። መጀመሪያ ያገኘነው ጩኸት ነበር። «ደግሞ ልትከሱን ነው?» አለ አንዱ። የእህቴ ልጅ እንዳስተማሯት እስኪጨርስ ድረስ ሰማችው። በቀን ስለሚጠበቅበት የጉዞ ኮታ፣ ከዘገየ ስለሚቆጣው አሠሪው፣ ሁሉንም አወራ። ከዚያ ከኋላ አንድ ጎልማሳ ሹፌር ቀረብ ብሎ ምሰሶ ፊት ቆመ። «የመታሁህ እኔ ነኝ» አለው። «ቤታችሁ ልመጣ ሁለት ጊዜ በር ላይ ደርሼ ተመልሻለሁ። ምን እንደምል አላወቅኩም።» ምሰሶም፣ «ብትገባ ኖሮ እናቴ ትጮህብህ ነበር፤ ከዚያ ግን ታስቀምጥህ ነበር» አለው። ተጨባበጡ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሹፌሮቹ ከአሠሪያቸው ጋር ተነጋግረው፣ ተማሪ በሚገባበትና በሚወጣበት ሰዓት ማንም የጭነት መኪና በዚያ በር እንዳያልፍ ተስማሙ። ሦስት ሳምንት ሆነው፤ እስካሁን ቃላቸውን ጠብቀዋል። ማይክሮፎን አልነበረም፤ ቢጫ ወረቀትም አልነበረም።

፬ኛ. እነሆ አሁን የመጨረሻውን ምስጋና፣ እጄ እየተጸየፈ የሚጽፈውን፣ አቀርባለሁ። ስምምነቱን በሰሙ በሳምንቱ ክቡርነትዎ ፎቶግራፍ አንሺ አስከትለው ከግቢው ድረስ መጡ። ልጆቹና ሹፌሩ ለካሜራው ድጋሚ እንዲጨባበጡም ጠየቁ። ሹፌሩ፣ «ጌታዬ፣ አንዴ ተጨባብጠናል፤ ከልባችን ስለነበር ይበቃናል» አለዎት። ልጆቹም ቦርሳቸውን አንሥተው ሄዱ። ታዲያ አሁን ከጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ በተሰቀለው ትልቅ ሰሌዳ ላይ ባለው ፎቶግራፍ፣ «ጽሕፈት ቤታችን ባመቻቸው ውይይት» ከሚለው ጽሑፍ ሥር፣ «የወጣቶች ተወካይ» ተብሎ እጅዎን የጨበጠው ማነው? ደብዳቤዎቻችንን «ገቢ ሆኗል» ያለን የመዝገብ ቤት ሠራተኛዎ አይደለም እንዴ? ጸጉሩ የሸበተ፣ የልጅ ልጅ ያየ ሰው የተማሪ ሸሚዝ አልብሰው አቁመውታል! ሸሚዙ ጠቦት ሁለተኛው ቁልፍ አልተቆለፈም።

ክቡርነትዎ፣ እኔ በቀላሉ የምደነግጥ ሰው አይደለሁም። ስንፍና አይቻለሁ፤ ትዕቢትም አይቻለሁ፤ ሁለቱንም በሁለት ቅጂ ተይቤአለሁ። ልጅን ጠይቂ ብሎ አስተምሮ ስለጠየቀች መቅጣት፣ ከዚያም የዚያችኑ ልጅ ሥራ ዓይንን በጨው ታጥቦ የራስ ማድረግ ግን አስጸየፈኝ። በሰሌዳው ፊት ላለማለፍ መንገዴን ቀይሬአለሁ።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው ይህን ነው፤ የእህቴ ልጅ ላይ የተጻፈው የቅጣት ማስታወሻ ከማኅደሯ ይውጣ፣ ሰሌዳው ይውረድ፣ ጉብታውም ይሠራ። ሹፌሮቹ ቃል ስለጠበቁ እርስዎ ሥራዎን አይተዉ። ውሳኔዎን በጽሑፍ ቢያሳውቁን፣ መልስዎን እኔው በነፃ ልተይብልዎ ዝግጁ ነኝ።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ መድረክዎ እንዲሰፋ፣ ማይክሮፎንዎ እንዳይቋረጥ፣ ጆሮዎም አንድ ቀን እንዲከፈት ከልብ እመኛለሁ።

ከማይቀያየር አክብሮት ጋር፣
የአንዲት ጠያቂ ልጅ አክስት

ግልባጭ፦
ለዐሥራ አራቱም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጆቹ ይህን ደብዳቤ ከመላኩ በፊት አንብበውታል። «ድርጊቱን እንጂ ሰውየውን አትንኪ ተብለን ነው የተማርነው» ብለው ስለ እርስዎ የጻፍኳቸውን አራት ቃላት ሰርዘውብኛል። ተከራከርኩ፤ በድምፅ ብልጫ ተሸነፍኩ። ቃላቱ ምን እንደነበሩ ለማወቅ ከፈለጉ ከጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞች ማንኛውንም ይጠይቁ፤ ጥያቄውን ግን በቢጫ ወረቀት ጽፈው አይስጡ።